ሞገዱ ይመጣል፣ ውሃው ግን አይመጣም፦ ከለገዳዲ ዳር ለተነሳ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ሰንዳፋ አካባቢ ከሚያስተምሩ የጂኦግራፊ መምህር የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ለገዳዲ ግድብ ወጣን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ውሃው ወደ እኛ የሚጎርፍ ይመስላል፤ ውሃው ላይ የነበረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን እዚያው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ቶሎ አይደርስም። ነፋሱ ከጎን ቢነፍስም ሞገዱ ዳር ሲደርስ ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። የዳሩ ዋልካ አፈር ከሥሩ ተቦርቡሮ ተንዷል። ልጆቹ ‹የባሕርን ዳር የሚንደው ሞገድ ከሆነ፣ አሸዋውን ማን ከመረው?› አሉኝ። ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆች ይህን እንዴት ላሳያቸው?»

መምህር፣ ልጆቹ የጠየቁት ብዙ መጽሐፍ የሚዘለውን ነው። አንድ ምዕራፍ ላይ «ሞገድ ዳርን ይሸረሽራል»፣ ሌላው ላይ «ሞገድ አሸዋ ያከማቻል» ይባላል፤ አንዱ ሞገድ ሁለቱንም ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ግን ሳይነገር ይታለፋል። ጥያቄዎቹን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው የውሃው ጥልቀት ነው። ሞገዱን የሚወልደው ነፋስ ቢሆንም፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚሰበርና አሸዋውን ወዴት እንደሚገፋ የሚወስነው ከሥሩ ያለው ወለል ነው።

ከጠርሙሱ እንነሳ። የገብስ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ ያየ ልጅ ግማሹን መልስ ያውቀዋል። ዝንባሌው ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፤ አገዳው ግን ከሥሩ ንቅንቅ አይልም። ውሃም እንደዚሁ ነው፤ ርቆ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። ልዩነቱ አገዳው ወዲያና ወዲህ ብቻ ሲል ውሃው ክብ መሥራቱ ነው። የሞገዱ አናት ሲደርስ ወደ ላይና ወደ ፊት፣ ጎድጓዳው ሲያልፍ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሄዳል። ገጹ ላይ የክቡ ስፋት ከሞገዱ ከፍታ (ከጎድጓዳው እስከ አናቱ ካለው) ጋር እኩል ስለሆነ፣ 20 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ ጠርሙሱን በ20 ሳንቲሜትር ክብ ያዞረዋል። ክቡ ፍጹም ስለማይገጥም በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ወደ ፊት መንሸራተት አለ። ባዶ ጠርሙስ ደግሞ ያሳስታል፤ ከውሃ በላይ የወጣውን አካሉን ነፋሱ ይገፋዋል። ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልተው፣ በሲባጎ አስረው ቢሞክሩት ክቡ ይበልጥ ይታያል።

ይህ መሽከርከር ወደ ታች በሄዱ ቁጥር በፍጥነት ይጠባል። ከአንዱ አናት እስከ ተከታዩ ያለውን ርቀት፣ ማለትም የሞገዱን ርዝመት፣ ለሁለት ይክፈሉት፤ እዚያ ጥልቀት ላይ የሚቀረው እንቅስቃሴ ገጹ ላይ ካለው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞገድ ወለሉ መኖሩን የሚያውቀው ጥልቀቱ ከርዝመቱ ግማሽ ሲያንስ ነው። ይህን ልጆቹ ደብተር ላይ በትልቁ ይጻፉት፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ርዝመቱን ለመለካት መዋኘት አያስፈልግም፤ የስልክ ሰዓት ይበቃል። አንድ አናት አንድ ነጥብ ላይ ካለፈ በኋላ ተከታዩ እስኪያልፍ ያለውን ሰከንድ፣ ፊዚክስ ክፍል ፔሬድ የምትሉትን፣ ይውሰዱ። አንድ በአንድ ከመለካት 11 አናት ቆጥሮ ጠቅላላውን ለ10 ማካፈል ይሻላል። ያንን ሰከንድ በራሱ አባዝተው እንደገና በ1.56 ሲያባዙት ጥልቅ ውሃ ላይ ያለው ርዝመት በሜትር ይወጣል። ፍጥነቱን ከፈለጉ ሰከንዱን በ1.56 አንዴ ብቻ ያባዙ። በግድብ ውሃ ላይ 1.6 ሰከንድ ቢያገኙ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.5 ሜትር ነው፤ ወለሉን መንካት የሚጀምረውም 2 ሜትር ጥልቀት ላይ። ውቅያኖስ ላይ የተለመደ የ12 ሰከንድ ሞገድ ግን ርዝመቱ 225 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 67 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ገና 112 ሜትር ጥልቀት ላይ እያለ ወለሉን ይዳስሳል።

የጉልበቱ ልዩነት ከዚህም ይሰፋል፣ ምክንያቱም ጉልበት የሚያድገው በከፍታው ካሬ ነው። ያ 20 ሳንቲሜትር ሞገድ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ዳርቻ የሚያደርሰው 60 ዋት ገደማ ነው፣ የድሮ አምፖል ያህል። 2 ሜትር ከፍታ ያለው የ12 ሰከንድ ሞገድ ደግሞ በአንድ ሜትር ዳርቻ 47 ኪሎዋት ያህል ያፈሳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል ብንል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 12 ምጣድ ሌሊትና ቀን እንደተሰካ ቁጠሩት። ገደል የሚንደው ይህ ነው።

ሞገዱ የሚያድገው በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ በሚቆይበት ሰዓት እና ሳይቋረጥ በሚነፍስበት የውሃ ርቀት ነው። ሦስተኛውን መንደርደሪያ እንበለው። መንደርደሪያው 2 ኪሎሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 36 ኪሎሜትር የሚሄድ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስም ሞገዱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ላይ ይቆማል። ውሃው ያልቅበታል። በዚያ ላይ እናንተ ያላችሁት ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሲነጻጸር አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ ውሃውን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ጸጥ የሚሉትም በመንደርደሪያ ማጠር ነው፤ ጠባብ ናቸው፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝም ተከልለዋል።

ቀይ ባሕር 2,000 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ስፋቱ የትም ቦታ ከ360 ኪሎሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ነፋሱ በቁመቱ ሲነፍስና በወርዱ ሲነፍስ የሚወልደው ሞገድ ለየቅል ነው። ክፍት ውቅያኖስ ላይ ደግሞ ሞገዱ ነፋሱን ጥሎት ይሄዳል። የውቅያኖስ ተመራማሪው ዋልተር መንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 በደቡባዊው ውቅያኖስ አውሎ የተወለዱ ሞገዶችን ፓስፊክን አቋርጠው አላስካ እስኪደርሱ ድረስ ተከታትለዋል፤ ከ10,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። በመንገድ ላይ የሚጠፋው ጉልበት ትንሽ ነው። ረዣዥሞቹ ፈጣን ስለሆኑ ቀድመው ይደርሳሉ፣ አጫጭሮቹ ይከተላሉ። ነፋስ በሌለበት ጠራራ ፀሐይ ዳርቻው የሚናጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዳር እንምጣ። ወለሉን የነካ ሞገድ ይዘገያል። በጣም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ፍጥነቱ የሚወሰነው በጥልቀቱ ብቻ ነው፤ ጥልቀቱን በሜትር በ9.8 አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ። 5 ሜትር ላይ በሰከንድ 7 ሜትር፣ 2 ሜትር ላይ 4.4 ሜትር ይሆናል። የኋላው አሁንም በፍጥነት እየመጣ የፊቱ ሲዘገይ፣ ሞገዶቹ ፍተሻ ላይ እንደተደረደሩ መኪኖች ይጠጋጋሉ። ያ 225 ሜትር የነበረው ርዝመት 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 80 ሜትር ገደማ ያጥራል። የሚጎርፈው ጉልበት ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ሞገዱ ወደ ላይ ያድጋል። ከፍታው ከጥልቀቱ አራት እጅ ሦስቱን ሲያልፍ ሥሩ የቀረበት አናት ወደ ፊት ይደፋል። 2 ሜትር ሞገድ 2.5 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይሰበራል ማለት ነው። ለስላሳ ተዳፋት ላይ ቀስ እያለ አረፋ ያንጠባጥባል፤ ወለሉ ድንገት ከፍ ካለ እንደ ጥቅልል ተጠምዝዞ ይወድቃል።

ሱናሚን ከዚህ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ርዝመቱ በመቶ ኪሎሜትር ስለሚቆጠር ለእርሱ ውቅያኖስ ሁሉ ጥልቀት የለውም። በዚያው ስሌት 4,000 ሜትር ላይ በሰዓት 700 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱማትራ አጠገብ በተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ የተወለደው ሶማሊያ ድረስ ዘልቆ ሃፉንን መትቷል።

«ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል» ያሉት የዚህ መዘግየት ልጅ ነው። ሞገዱ በሰያፍ ሲመጣ አንዱ ጫፉ ቀድሞ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ይገባና ይዘገያል፤ ጥልቁ ላይ ያለው ሌላው ጫፍ እየሮጠ ይደርስበታል። በሬዎች ማሳ ጫፍ ላይ ሲዞሩ የውስጡ እየተንቀራፈፈ የውጪው እንደሚሰፋው ነው። መስመሩ ይታጠፍና ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ መሆን ይጠጋል። ሙሉ በሙሉ ግን አይሆንም፤ ጥቂት ዲግሪ ይቀራል፣ ያ ቅሪት ትልቅ ሥራ እንዳለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መሬቱ ወደ ባሕር በሾለበት ቦታ ወለሉም ወደ ውጭ ስለሚሾል፣ ሞገዱ ከሁለቱም ጎን ወደ ጫፉ ይታጠፋል፤ ጉልበቱ እዚያ ይከማቻል። በወሽመጡ ውስጥ ያው ጉልበት ሰፋ ያለ ዳር ላይ ይበተናል። ስለዚህ የሾለው ይቆረጣል፣ የገባው አሸዋ ይሞላል። ከዋናው ምድር አጠገብ ደሴት ካለ ደግሞ ሞገዱ በሁለት በኩል ዞሮ ከጀርባው ይገናኛል፤ ውሃው እዚያ ይደክምና የያዘውን አሸዋ ያራግፋል። የሾለው የሃፉን መሬት፣ የአፍሪካ ዋና ምድር የመጨረሻው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ ጋር የተያያዘው በእንዲህ ዓይነት የአሸዋ ድልድይ ነው።

የልጆቹ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ድንጋይ ላይ የሚሠራው ኃይል ሁለት መልክ አለው። ሞገዱ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን አየር ሲያፍነው አየሩ ይታመቃል፤ ሲመለስ በድንገት ይለቀቃል፤ በየ12 ሰከንዱ፣ ለዘመናት። ሌላው በእጁ የያዘው ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ያለ እነርሱ ውሃ ደካማ መጋዝ ነው። ገደሉ ግርጌው ላይ ይቦረቦራል፣ የላዩ ይናዳል፣ ፍርስራሹ ለሚቀጥለው ዙር መሣሪያ ይሆናል፣ ሥር ላይ ጠፍጣፋ የድንጋይ መደብ ይቀራል። መደቡ ሲሰፋ ሞገዱ ገደሉ ጋ ሳይደርስ ይደክማል፤ ቆረጣው ራሱን ያዘገያል። ስስ የሆነ የሾለ መሬት ከሁለት ጎን ሲበሳ ቅስት ይሆናል፤ ቅስቱ ሲወድቅ ብቻውን የቆመ ዓምድ ይቀራል። አውስትራሊያ ውስጥ ለንደን ብሪጅ የሚባለው ቅስት ከመሬት የሚያገናኘው በኩል እ.ኤ.አ. በጥር 1990 ተደርምሶ፣ ሁለት ጎብኚዎች ማዶ ቀርተው በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። ፍጥነቱ በድንጋዩ ይወሰናል። ምሥራቅ እንግሊዝ ሆልደርነስ የሚባለው የጭቃ ገደል በዓመት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያፈገፍጋል፤ ጥቁር ድንጋይ በሰው ዕድሜ ለውጡ አይታይም።

አሸዋ ላይ ግን ሞገዱ ወሳጅም መላሽም ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ክቡ ተጨፍልቆ ወዲያና ወዲህ መሄድ ብቻ ይሆናል፤ ከአናቱ ሥር ወደ ዳር የሚገፋው አጭርና ፈጣን፣ ከጎድጓዳው ሥር የሚመልሰው ረጅምና ዘገምተኛ ነው። ሻካራ አሸዋ የሚነሳው በፈጣኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ዳር ይሄዳል። ላይ የወጣውም ውሃ ከፊሉ አሸዋው ውስጥ ስለሚሰርግ የሚመለሰው ይደክማል። ረጅምና ዝቅ ያለ ሞገድ እንዲህ ነው ዳር የሚከምረው። የአውሎ ሞገድ ግን አጭርና ከፍ ያለ ነው፤ አናቶቹ ተከታትለው ስለሚመጡ አሸዋው ውሃ ይጠግባል፣ መስረግ ይቀራል፣ ዳር ላይ የተቆለለው ውሃ በወለሉ በኩል ሲመለስ አሸዋውን ይዞ ይወርዳል። የወረደው ከዳር ትንሽ ራቅ ብሎ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ቀጣዩን ሞገድ ራቅ ብሎ ያሰብረዋል፤ ጸጥታ ሲመጣም አሸዋው ወደ ዳር ይመለሳል።

እነዚያ የቀሩት ጥቂት ዲግሪዎች ደግሞ አሸዋውን በዳሩ ቁመት ያስኬዱታል። ሞገዱ በሰያፍ ይወጣል፣ ውሃው በቀጥታ ቁልቁል ይመለሳል፤ ቅንጣቱ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ጎን ይራመዳል። ስለዚህ የባሕር ዳር ሒሳቡ የገቢና የወጪ ነው። ለእኛ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም፦ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው ወንዝ ከግንዱ ጋር የወሰደው አፈር ማደሪያ አግኝቷል፤ የናይል ዴልታ ነው። ደለሉ አብዛኛው በዓባይና በተከዜ ከደጋችን የሄደ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው የሜዲትራኒያን ሞገድ አሸዋውን በጠረፉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲና፣ ሲያሻግር ኖሯል፤ ወንዙ ስለሚተካው ዳሩ አልጎደለም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ሲጀምር ገቢው ቆመ፣ ወጪው ግን ቀጠለ። ቀደም ባሉ ግድቦች ምክንያት ማፈግፈግ ጀምሮ የነበረው የረሺድ ጫፍ፣ የናይል ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ወደ ባሕር የሚገባበት፣ በዓመት 100 ሜትር ገደማ እስከ መቆረጥ ደርሶ ግንብ ተሠራለት። ግንብ ግን ጫፉን ያቆማል እንጂ አሸዋ አይፈጥርም፤ ረሃቡ ወደ ጎረቤት ዳር ይዛወራል።

የእናንተ ዋልካ ለምን ይናዳል እንጂ አይመለስም? 0.3 ሚሊሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት 1 ሜትር ውሃ ለመስመጥ 25 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። 0.002 ሚሊሜትር የሆነው የጭቃ ቅንጣት ግን 3 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ወደ ጥልቁ ሄዷል፣ 60 ዋት የሚመልሰው አይደለም። ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ሥሩ ሲቦረቦር በስንጥቁ ልክ ቋጥኝ ቋጥኝ ሆኖ ይወድቃል። የግድቡ ውሃ ከክረምት በኋላ ሞልቶ እስከ ግንቦት ሲወርድ ሞገዱ በየከፍታው ስለሚሠራ ዳሩ ላይ ደረጃ ደረጃ ይታያል፤ ልጆቹ እርከኖቹን ይቁጠሩ። እንዲህ ያለ ዳር በድንጋይ ሲለበስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ በቀጥታ ዋልካው ላይ ስለሚደፋ ነው፤ ሞገዱ በክፍተቱ ጭቃውን እየመጠጠ ያወጣና ድንጋዩ ይሰምጣል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ድንጋይ ለ30 ሳንቲሜትር ሞገድ ይበቃል፣ ግን ከሥሩ መጀመሪያ የጠጠር ንጣፍ ያስፈልገዋል።

ክፍል ውስጥ ለማሳየት ቆርቆሮ ቤት 2 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ገንዳ ያሠሩ። መጋጠሚያውን በሲሊኮን ይድፈኑ። በውሃ ልክ ሳያስተካክሉ አይጀምሩ፤ አንዱ ጫፍ በ1 ሳንቲሜትር ቢያዘቀዝቅ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። 24 ሊትር ሲጨምሩ ጥልቀቱ 4 ሳንቲሜትር ይሆናል። አንዱን ጫፍ 2 ሳንቲሜትር አንስተው ቀስ ብለው ይልቀቁት፤ ጉብታው ሄዶ ሲመለስ 6.4 ሰከንድ መሆን አለበት። ውሃውን ወደ 6 ሊትር፣ ማለትም 1 ሳንቲሜትር፣ ሲቀንሱት እጥፍ፣ 12.8 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ሲያነሱት ግን ከግማሽ ሳንቲሜትር አይለፉ፣ አለዚያ ውሃው ሸሽቶ ወለሉ ይራቆታል። ጥልቀት ፍጥነትን እንደሚገዛ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ቀጥሎ አሸዋ። የግንባታ አሸዋ በወንፊት ነፍተው ውሃው እስኪጠራ ይጠቡት፤ ጭቃ ከቀረበት ውሃው ይደፈርስና ምንም አይታይም። ከእሳተ ገሞራ የሚገኘውን ቀይ አሸዋ አይጠቀሙ፣ ቀዳዳው የበዛ ስለሆነ ቀላል ነው፣ በትንሽ እንቅስቃሴ ይነሳል። በአንዱ ጫፍ 90 ሳንቲሜትር ርዝመት ላይ ከዜሮ ወደ 12 ሳንቲሜትር የሚያድግ ተዳፋት ይሥሩ፣ ውሃውን 10 ሳንቲሜትር ያድርጉት። በሌላው ጫፍ 28 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ይዞ አንድ ልጅ በሰከንድ አንዴ በእርጋታ ይግፋ፣ ሞገዱ ከ3 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ፣ ለ15 ደቂቃ። ዳሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ከዚያ ከፍታውን ሳይለውጥ በሰከንድ ሁለቴ ይግፋ፤ ያ ጉብታ እየተላጠ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ውሃው ወዲያ ወዲህ እየተናጠ መልክ ካጣ ልጁ የሚገፋው ከገንዳው የራሱ ውዝዋዜ ጋር ገጥሟል፤ ፍጥነቱን ትንሽ ይለውጥ። በመጨረሻ ውሃውን ሳይቀይሩ ወደ ዝግታው ይመለሱና ልጆቹ ሰዓት ይያዙ፦ በፈጣኑ ለመውረድ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ በዝግታው ለመመለስስ ስንት?